የግመል ሱራና የሰው ኩላሊት፤ ከሞያሌ ቆላ የሚነሣ የዘር ታሪክ

መግቢያ

ስለ ሞያሌ የተጻፉ የታሪክ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በድንበርና በንግድ፣ በግጭትና በጦርነት ነገር ላይ ነው። ይህም የሚያስደንቅ አይደለም። በ1907 የኢትዮጵያና የእንግሊዝ መንግሥታት የተዋዋሉት የድንበር ውል አካባቢውን በሁለት ከፍሎታል፤ በ1940 ደግሞ የኢጣሊያ ጦር በወዲያኛው በኩል የነበረውን የእንግሊዝ ምሽግ ከብቦ አስለቅቋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።) እኛ ግን ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ያሰብነው ከዚህ የራቀ የሚመስል ሌላ ታሪክ ነው፤ ይኸውም በግመልና በእረኛው ደም ውስጥ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ታሪክ ነው።

ጥያቄያችን እንዲህ የሚል ነው። በሞያሌ ቆላ ግመልና እረኛ ከአንድ ግራር ጥላ ሥር ያርፋሉ፤ ከአንድ የውሃ ጕድጓድ ይጠጣሉ፤ አንዱ ዝንብ ሁለቱንም ይነክሳል። ግመሉ ሱራ በሚባለው በሽታ ተይዞ ሲከሳ እረኛው ግን ደኅና ሆኖ ይኖራል። እረኛውን የጠበቀው ምንድን ነው? ከዚህ ጥበቃ የበለጠ ጥበቃ ያገኙ ሌሎች የአፍሪቃ ሕዝቦችስ ምን ዋጋ ከፈሉበት? የዚህ መልስ ወደ ኩላሊት ይወስደናል። ከዚያም አልፎ በአገራችን የኩላሊት በሽታ በምን መንገድ ሊጠና እንደሚገባ ያመለክተናል።

የቆላው ግመልና የሱራ በሽታ

ሞያሌ ቀድሞ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ የነበረች ስትሆን ዛሬ የኦሮሚያና የሶማሌ ክልሎች የሚገናኙባት፣ ከኬንያም ጋር የምትዋሰን ከተማ ናት። በዙሪያዋ ካሉት አርብቶ አደሮች ቦረና ከጥንት ጀምሮ በላም ሀብቱ፣ ገብራ፣ ገሪና ሶማሌ ደግሞ በግመል ሀብታቸው የታወቁ ናቸው። ድርቅ እየተደጋገመ ስለ መጣ በቅርብ ዘመን ቦረናም ግመል ማርባትን አብዝቷል። ስለዚህ የግመል በሽታ በዚህ አገር የቤተ ሰብ ኑሮ ጥያቄ ነው፤ ግመል ሲታመም ወተቱ ይነጥፋል፤ ጭነቱ ይቀራል፤ የነፈሰ ጡርና የሕፃን ምግብ ይጐድላል።

ሱራ፣ ሶማሌዎች ዱካን የሚሉት፣ በዓይን በማትታይ «ትሪፓኖሶማ ኤቫንሲ» በምትባል ጥገኛ ተሕዋስ የሚመጣ ነው። ተሕዋሲቱ በግመሉ ደም ውስጥ እየተራባች ትኵሳትን፣ የደም ማነስን፣ መክሳትንና ማስወረድን ታመጣለች። በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሸለቆዎች ከብት የሚጨርሰው ገንዲም የዚሁ ወገን ነው። ነገር ግን ገንዲን በብዛት የሚያስተላልፈው ጸጸ የሚባለው ዝንብ ሲሆን፣ እርሱም ሙቀትና እርጥበት ያለበትን ጥሻ ይፈልጋል። ሱራ ግን ጸጸ አያስፈልገውም፤ ማንኛውም ደም መጣጭ ትልቅ ዝንብ በአፉ ላይ የቀረውን ደም ይዞ ከአንዱ ግመል ወደ ሌላው ያደርሰዋል። በዚህ ምክንያት ጸጸ ሊኖርበት ከማይችለው ደረቅ አገር አልፎ እስከ ሰሜን አፍሪቃና እስከ እስያ ድረስ ተስፋፍቷል።

የምሥራቅ አፍሪቃ የግመል ባለቤቶች ሱራን ከሚለዩባቸው ምልክቶች አንዱ የሽንት ሽታ ነው። ግመሉ የሸናበትን አሸዋ አንሥተው በማሽተት በሽታው መግባቱን ያውቃሉ። ሚክሮስኮፕ ወደ ቆላው ሳይደርስ በፊት የነበረ ይህ ዕውቀት፣ ሐኪም የኩላሊትን ጤና በሽንት ከሚመረምርበት ልማድ ጋር የሚቀራረብ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል።

የሰው ደም ኃይል እንዴት ታወቀ

በ1880 ግሪፊዝ ኤቫንስ የተባለ የዌልስ ተወላጅ የእንስሳት ሐኪም፣ ያን ጊዜ በእንግሊዝ ትገዛ በነበረችው ሕንድ፣ በፑንጃብ ግዛት በታመሙ ፈረሶችና ግመሎች ደም ውስጥ የምትወራጭ ተሕዋስ አየ። የበሽታው ምክንያት እርስዋ መሆንዋንም አስረዳ። ተሕዋሲቱ በስሙ የተጠራችው በዚህ ምክንያት ነው። በ1895 ደግሞ ዴቪድ ብሩስ በዙሉ አገር ከብት የሚገድለውን በሽታ መርምሮ ተመሳሳይ ተሕዋስ አገኘ፤ ጸጸ ዝንብም እንደሚያስተላልፋት አረጋገጠ።

ለጥያቄያችን ዋና የሆነው ግን በ1902 በፓሪስ የተደረገው ሥራ ነው። ላቭራንና ሜስኒል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በትሪፓኖሶማ የተያዙ አይጦችን ከሰው ደም በተለየ ውሃ ወጉአቸው። ተሕዋሲቱም ከአይጦቹ ደም ጠፋች። የበግም ሆነ የሌላ የቤት እንስሳ ደም እንደዚህ ያለ ኃይል አልነበረውም። ስለዚህ በሰው ደም ውስጥ አንድ ገዳይ ነገር እንዳለ ታወቀ፤ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ግን 100 ዓመት ያህል ፈጀ። በመጨረሻ በ2003 የብራስልስ ተመራማሪዎች «አፖኤል-1» የሚባለው ፕሮቲን መሆኑን ገለጹ። ይህን ፕሮቲን የሚያሠራው ጂን፣ ወይም በአማርኛ ዘረ መል የምንለው፣ በ22ኛው ክሮሞሶም ላይ ይገኛል።

አሠራሩ በአጭሩ እንደሚከተለው ነው። ፕሮቲኑ በደም ውስጥ ከስብ ጋር ተያይዞ ይዘዋወራል። ተሕዋሲቱ ስቡን ምግብ ብላ ወደ ውስጥዋ ስትስበው ፕሮቲኑም አብሮ ይገባል። ከገባም በኋላ በሆድዋ ባሉት ሽፋኖች ላይ ቀዳዳ ይከፍታል፤ ጨውና ውሃ ይገባባታል፤ አብጣም ትፈነዳለች። ግመልና ላም ይህ ጂን የላቸውም። የሞያሌው እረኛ አለው።

ይህ በመላ ምት ብቻ የተባለ አይደለም። በ2004 በሕንድ፣ በማሃራሽትራ ግዛት የሚኖር አንድ ገበሬ በከብት ሱራ ታሞ ተገኘ። ሰው በዚህች ተሕዋስ መያዙ በሚገባ የተረጋገጠው ያን ጊዜ ነበር። ደሙ ሲመረመር ከአባቱም ከእናቱም የወረሳቸው ሁለቱ የአፖኤል-1 ጂኖች የተበላሹ ስለ ነበሩ ፕሮቲኑ በደሙ ውስጥ ፈጽሞ አልተገኘም። ይህም በ2006 ታትሞ ወጣ። እንግዲህ ጋሻው ሲጐድል ሰውም እንደ ግመሉ እንደሚሆን በአንድ ሰው ታየ።

ጋሻው የተሸነፈበት ስፍራ

ከትሪፓኖሶማ ወገን ግን ይህን ጋሻ የሚያልፉ ሁለት አሉ፤ እነርሱም በሰው ላይ የእንቅልፍ በሽታን የሚያመጡት ናቸው። አንደኛዋ በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪቃ፣ ሁለተኛዋ በምሥራቅ አፍሪቃ ትገኛለች። የምሥራቅዋ ተሕዋስ የአፖኤል-1ን ጫፍ ይዞ ሥራውን የሚያስቀር የራስዋ ፕሮቲን አላት። በአገራችንም በ1967 በጋምቤላ አካባቢ የእንቅልፍ በሽታ ታውቋል። ይህን የምንጠቅሰው ኢትዮጵያ ከዚህ ትግል ፈጽማ ውጭ እንዳልነበረች ለማሳየት ነው። ይሁን እንጂ የጋምቤላ ወንዝ ዳርና የሞያሌ ደረቅ ቆላ በአንድ መንግሥት ሥር ቢሆኑም በበሽታ ታሪካቸው የተለያዩ አገሮች ናቸው።

በምዕራብ አፍሪቃ የሰው ዘር ለዚህ ጥቃት መልስ ሰጥቷል። በአፖኤል-1 ጂን ላይ፣ የተሕዋሲቱ ፕሮቲን በሚይዘው ጫፍ፣ ሁለት ዓይነት ለውጦች ተነሡ። ሊቃውንት ጂ-1 እና ጂ-2 ይሏቸዋል። የተለወጠው ፕሮቲን ከተሕዋሲቱ መያዣ ያመልጣል፤ በተለይ ጂ-2 ያለው ሰው ደም የምሥራቅዋን ተሕዋስ ይገድላል። ለውጡን የያዙ ሰዎች ከበሽታው እየዳኑ ልጅ ስለ ወለዱ፣ በዘር ታሪክ ሚዛን ቅርብ በሆነ ዘመን ለውጡ በሕዝቡ መካከል በዛ። በናይጄሪያ ዮሩባዎች ዘንድ ከአሥር የአፖኤል-1 ጂኖች አራቱ ያህል ጂ-1 ናቸው።

ዋጋው የታወቀው በ2010 ነው። ከሁለቱም ወላጆቻቸው ለውጡን የወረሱ ሰዎች ለከባድ የኩላሊት በሽታ ከሌላው ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸው በዚያ ዓመት በሁለት የተለያዩ የምርምር ቡድኖች ተገለጸ። በባሪያ ንግድ ወደ አሜሪካ ከተወሰዱት አፍሪቃውያን ዘር ከ100 ሰዎች 13 ያህሉ ሁለቱንም ወርሰዋል። አብዛኞቹ ዕድሜ ልካቸውን ሳይታመሙ ይኖራሉ፤ ነገር ግን ሌላ ጠንቅ ሲጨመርበት ነገሩ ይለወጣል። ለምሳሌ ያህል ሕክምና ያላገኘ የኤች አይ ቪ በሽተኛ ኩላሊቱ በቫይረሱ የመጐዳቱ ዕድል በእነዚህ ሰዎች ዘንድ 29 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል።

ኩላሊትን የሚሠሩት ጂኖች

አሁን አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። በደም ውስጥ ተሕዋስ የሚገድል ፕሮቲን ስለ ምን ኩላሊትን ይጐዳል? ይህን ለመረዳት ኩላሊት በማኅፀን ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል።

የሰው ኩላሊት ከብዙ ጥቃቅን ማጥሪያዎች የተሠራ ሲሆን እነዚህ ኔፍሮን ይባላሉ። ባንድ ኩላሊት በአማካይ ወደ 1 ሚሊዮን ይጠጋሉ፤ ከሰው እስከ ሰው ግን ብዙ ልዩነት አለ። ሁሉም ከመወለድ በፊት የሚሠሩ ናቸው፤ ከ36ኛው የእርግዝና ሳምንት ገደማ በኋላ አዲስ አይጨመርም። ሰው በማኅፀን ያገኘውን ይዞ ዕድሜውን ይጨርሳል። ሥራውን የሚመሩት የዕድገት ጂኖች ናቸው፤ ከነዚህም ፓክስ-2 እና ደብልዩ ቲ-1 የተባሉት በጣም የታወቁ ናቸው። በ1991 የደብልዩ ቲ-1 መበላሸት በሕፃንነት ኩላሊትን የሚያጠፋ በሽታ እንደሚያመጣ ታወቀ። በ1995 ደግሞ የፓክስ-2 መበላሸት ኩላሊትን ትንሽ አድርጎ እንደሚያስቀርና ዓይንንም እንደሚጐዳ ተገለጸ።

በማጥሪያው ግድግዳ ላይ ፖዶሳይት የሚባሉ ሕዋሳት አሉ። እግራቸውን እንደ ጣት አጣምረው ፕሮቲን ከደም ወደ ሽንት እንዳይፈስ ይከለክላሉ። አንድ ጊዜ ከሞቱ በቀላሉ አይተኩም፤ በስፍራቸው ጠባሳ ይቀራል። ደብልዩ ቲ-1 እነዚህን ሕዋሳት በማኅፀን ከሠራ በኋላ እንኳ ሥራውን አይተውም፤ ሰው አድጎም ሳለ ይጠብቃቸዋል። አፖኤል-1ም በእነዚሁ ሕዋሳት ውስጥ ይሠራል። የተለወጠው ዓይነት በዚያ ሲበዛ፣ በተሕዋሲቱ ላይ ቀዳዳ የሚከፍተው ኃይል በገዛ ቤቱ ላይ ይነሣል። ጉዳቱ ከኩላሊቱ ውስጥ እንጂ ከደሙ እንዳልሆነ በንቅለ ተከላ ታይቷል፤ ሁለቱን ለውጦች ከያዘ ሰው የተወሰደ ኩላሊት፣ በተቀባዩ ሰው ደም ውስጥ ለውጡ ባይኖርም፣ ከሌላው ፈጥኖ ይደክማል።

እንግዲህ ሁለት ዓይነት የዘር ታሪክ በአንድ ሕዋስ ላይ ይገናኛሉ። አንደኛው ኩላሊትን የሠራው ጂን ታሪክ ነው፤ ይህ የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ነው። ሁለተኛው ከበሽታ ጋር በተደረገ ትግል የተለወጠው ጂን ታሪክ ነው፤ ይህ የአገርና የሸለቆ ታሪክ ነው። በ2014 የፓክስ-2 መበላሸት በአዋቂዎች ላይም የማጥሪያ ጠባሳ እንደሚያመጣ ታውቋል፤ አፖኤል-1 የሚያመጣውም ጠባሳ ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል። በሽተኛው በሐኪም ፊት ሲቀርብ ምልክቱ አንድ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱ ግን ይለያያል።

ኢትዮጵያውያን ሲመረመሩ

በኢትዮጵያ ኤች አይ ቪ በብዛት በነበረበት ዘመን፣ በምዕራብ አፍሪቃ ዘር የታወቀው የኩላሊት ጉዳት በኢትዮጵያውያን ላይ አለመታየቱ ሐኪሞችን ያስገርም ነበር። በ2011 በታተመ ጥናት፣ በእስራኤልና በኢትዮጵያ በሕክምና ላይ የነበሩ፣ ቫይረሱ ያለባቸው ከ300 በላይ የኢትዮጵያ ተወላጆች ተመረመሩ። የዚያ ዓይነት የኩላሊት በሽታ የነበረው አንድ ሰው እንኳ አልተገኘም። ጂናቸውም ሲታይ ጂ-1ም ጂ-2ም አልነበረባቸውም። ቫይረሱ ያው፣ የቆዳው ቀለም ያው፣ አህጉሩም ያው ሲሆን፣ የቀድሞ አባቶች የተዋጉት ተሕዋስ ስለ ተለየ የኩላሊቱ ዕድል ተለየ።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛው «አፍሪቃዊ» ወይም «ጥቁር» የሚለው ስም ለሐኪም በቂ መረጃ አለመሆኑ ነው። ይህ የቃል ክርክር ብቻ አይደለም። ከ1999 ጀምሮ በብዙ አገር ሐኪሞች የኩላሊትን ጕልበት ከደም ምርመራ ለማስላት የሚጠቀሙበት ቀመር፣ በሽተኛው ጥቁር ከሆነ ውጤቱን ከ16 እስከ 21 በመቶ ከፍ ያደርግ ነበር። ቀመሩ የተሠራው በአሜሪካውያን ላይ ሲሆን፣ በሌላ አገር ሰው ላይ እንዳለ ቢሠራበት የደከመ ኩላሊት ብርቱ መስሎ ሊታይ ይችላል። በሽተኛው ሕክምና የሚጀምርበት ቀን የሚዘገየው በዚህ ዓይነት ነው። ይህ የቀለም ማባዣ በ2021 ከቀመሩ ወጣ።

ሁለተኛው ትምህርት ወደ ራሳችን የሚመለስ ነው። ወደ እስራኤል የሄዱት ኢትዮጵያውያን አብዛኞቹ ከጎንደርና ከትግራይ የተነሡ ናቸው። ስለ እነርሱ የተገኘውን መልስ ለቦረናውና ለገብራው፣ ለገሪውና ለጋምቤላው ሰው ሁሉ እንዳለ መስጠት፣ ፈረንጆቹ «አፍሪቃ» በሚለው ስም የሠሩትን ስሕተት «ኢትዮጵያ» በሚለው ስም መድገም ይሆናል። ከጸጸ ሸለቆ አጠገብ የኖረ ሕዝብና በደረቅ ቆላ የኖረ ሕዝብ የተለያየ ፈተና አልፈዋል።

ለቆላው ሰው ያለው ጥቅም

አንዳንድ አንባቢ፣ «ይህ ሁሉ ለሞያሌ ሰው ምን ይረባዋል?» ይል ይሆናል። የሚረባው እንዲህ ነው። በ2023 የታተመ አንድ የሕክምና ጥናት፣ የአፖኤል-1ን ሥራ የሚያግድ የሚዋጥ መድኃኒት በ13 ሳምንት ውስጥ ከሽንት ጋር የሚወጣውን ፕሮቲን በግማሽ ገደማ መቀነሱን አሳየ። መድኃኒቱ የሚያገለግለው ግን ሁለቱን ለውጦች ለወረሰ ሰው ብቻ ነው። ለውጡ የሌለበት በሽተኛ የበሽታው ምንጭ ሌላ ስለ ሆነ መድኃኒቱም ሌላ ነው። ምክንያቱን ለይቶ ማወቅ ገንዘብንም ጊዜንም ያድናል።

በቆላው በተለይ ሊጠና የሚገባው ምክንያት በማኅፀን ውስጥ የሚጀምረው ነው ብለን እናምናለን። ኔፍሮን የሚሠራው በእርግዝና ጊዜ ከሆነ፣ የእናቲቱ ረኃብ የልጁ ኩላሊት ላይ ምልክቱን ይተዋል ማለት ነው። ከ1944 እስከ 1945 በሆላንድ አገር በጦርነት ምክንያት በደረሰው ረኃብ፣ በእርግዝና መካከል ሳሉ ረኃቡ ያገኛቸው ልጆች፣ አድገው ሲመረመሩ ፕሮቲን በሽንታቸው ይበልጥ ታይቷል። በቦረናና በሞያሌ ደግሞ ድርቅ ያልጐበኘው ትውልድ የለም። በ1984 እና በ1985 የደረሰው ድርቅ ከብቱን ጨርሷል። ከ2020 እስከ 2023 ድረስም ገንናና ሐገያ የሚባሉት የዝናብ ወራት አምስት ጊዜ በተከታታይ ሳይሰምሩ ቀርተዋል። በነዚያ ዓመታት የተፀነሱት ሕፃናት ጂናቸው ደኅና ቢሆንም፣ ጂኑ ሥራውን የሚፈጽምበት ምግብ ጐድሎበታል። ትንሽ ክብደት ይዞ የተወለደ ልጅ ወደ ፊት የደም ግፊቱና ሽንቱ መመርመር እንዳለበት ለእናቶችና ለጤና ሠራተኞች ማስገንዘብ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ ነው።

ዘግይቶ መድረስ የሚያስከትለውንም ማሰብ ይገባል። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው በ2015 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። ከሞያሌ እስከዚያ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ። ኩላሊት ደግሞ አብዛኛው ክፍሉ እስኪጠፋ ድረስ ሕመም ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ ለሩቁ ሰው የሚሻለው ሽንትንና የደም ግፊትን በቅርብ ጤና ጣቢያ አስቀድሞ ማየት ነው።

መደምደሚያ

ከላይ የዘረዘርነውን በአጭሩ ብንሰበስበው፣ የኩላሊት በሽታ የሕክምና ብቻ ሳይሆን የታሪክም ጥያቄ ሆኖ እናገኘዋለን። የምዕራብ አፍሪቃው ሰው ኩላሊት የጸጸን ጦርነት ያስታውሳል፤ በረኃብ ዘመን የተፀነሰው ሕፃን ኩላሊት የዝናቡን መቅረት ያስታውሳል። የሞያሌው እረኛ ከግመሉ ጋር በአንድ ዝንብ እየተነከሰ የሚኖረው ከጥንት አባቶቹ በወረሰው ጋሻ ነው፤ ያ ጋሻ በእርሱ ዘንድ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ግን በሌላ አገር ሰው ደም ተመርምሮ ሊነገረው አይገባም።

በዚህ ኮሌጅ ታሪክ የምንማርና ባዮሎጂ የሚማሩ ጓደኞቻችን ብዙ ጊዜ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠን ሳንነጋገር እንለያያለን። ይህ ጽሑፍ የሚጠይቀው ሥራ ግን ሁለቱንም ይፈልጋል። አንዱ የድርቁን ዓመታትና የሕዝቡን ፍልሰት ከሽማግሌዎች ይመዘግባል፤ ሌላው በፈቃዳቸው ከሚቀርቡት ሰዎች ደምና ሽንት ይመረምራል። ውጤቱም ለጉዳዩ ባለቤቶች በቋንቋቸው ሊመለስላቸው ይገባል። የግመሉን ሽንት በአሸዋ ላይ አሽትቶ በሽታን የሚለይ ሕዝብ፣ ስለ ራሱ ሽንት የሚነገረውን ለመረዳት አይቸገርም።